ቀለበቱን ዝቅ፣ ኳሱን ቀለል፦ ሕፃናትን ቅርጫት ኳስ ለማስጀመር ማወቅ ያለባችሁ ነገሮች

ባለፈው ክረምት የሰፈራችንን ልጆች ቅርጫት ኳስ ላስጀምር ብዬ ተነሳሁ። አሰልጣኝ አይደለሁም፤ ትንሽ ትንሽ እጫወታለሁ፣ በቃ። ሐምሌ መጀመሪያ ላይ ከ20 በላይ ልጆች መጡ። ነሐሴ ሲጋመስ የቀሩት 6 ነበሩ። በዝናቡ አሳበብኩ፣ በስልክ ጌም አሳበብኩ። ግን አንዲት የ7 ዓመት ልጅ ገና በመጀመሪያው ሳምንት ችግሩን ነግራኝ ነበር። «ኳሱ ይከብደኛል» አለችኝ። እኔ ደግሞ «ትለምጂዋለሽ» አልኳት። በሦስተኛው ቅዳሜ አልመጣችም።

ከዛ በኋላ ነው ቁጭ ብዬ ማንበብ፣ ልምድ ያላቸውን አሰልጣኞች መጠየቅና ሲያሠሩ ማየት የጀመርኩት። ይሄ ጽሑፍ ያኔ ባውቀው ኖሮ የምለው ነገር ሁሉ የተሰበሰበበት ነው። ሰፈር ውስጥ ትንሽ ስለምትችሉ ብቻ «አሰልጥኑን» የምትባሉ፣ ታናናሽ ወንድምና እህት ያላችሁ፣ ወይም ትምህርት ቤት ውስጥ በፈቃደኝነት ልጆች የምታሠሩ ከሆናችሁ ሴቭ አድርጉት።

ዋናው ሐሳብ አንድ ነው። ከ5 እስከ 12 ዓመት ያለ ልጅ «አልቻለም» ስንል አብዛኛውን ጊዜ ያልቻለው ልጁ አይደለም። ኳሱ ከብዶታል፣ ቀለበቱ ርቆታል፣ ሰልፉ ረዝሞበታል ወይም የእኛ ጩኸት አስደንግጦታል። አራቱንም ማስተካከል ደግሞ የእኛ ሥራ ነው።

1. ቀለበቱ ለምን 3.05 ሜትር ላይ ሆነ?

ብዙ ሰው ይሄ ቁመት በጥናት የተወሰነ ይመስለዋል። ነገሩ ግን እንዲህ ነው። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 1891 አሜሪካ፣ ማሳቹሴትስ፣ ስፕሪንግፊልድ ከተማ ውስጥ ጄምስ ናይስሚዝ የሚባል ካናዳዊ መምህር፣ እኛ ወወክማ ብለን በምናውቀው ማኅበር የስልጠና ትምህርት ቤት ያስተምር ነበር። ክረምቱ ብርድ ስለሆነ ተማሪዎቹ ቤት ውስጥ የሚጫወቱት ነገር ፈለገ። ሁለት የኮክ ቅርጫቶች አመጣና የስፖርት አዳራሹ ሰገነት መከላከያ ላይ በሚስማር መታቸው። የሰገነቱ ከፍታ 10 ጫማ ነበር፤ በእኛ ልኬት 3.05 ሜትር። እስከ ዛሬ ቁመቱ ያው ነው። የመጀመሪያው ጨዋታ ላይ የተጠቀሙትም የእግር ኳስ ኳስ ነበር።

እንግዲህ ቁመቱ የተለካው በሰገነት ነው፤ ያውም ለአዋቂ ወንዶች። 1.20 ሜትር የሚረዝም የ7 ዓመት ልጅ አስቡ። ቀለበቱ የእሱን ቁመት 2 ጊዜ ተኩል ያህላል። 1.80 ሜትር ለሚረዝም ሰው በዚሁ ስሌት ቀለበቱ ከ4.5 ሜትር በላይ ይሆናል ማለት ነው። አንድ ሰው 4.5 ሜትር ላይ ቀለበት ሰቅሎ «ሹት አድርግ» ቢላችሁ ምን ትሉታላችሁ?

ለዚህ ነው የዓለም አቀፉ ፌዴሬሽን (ፊባ) የሕፃናት ቅርጫት ኳስ ሕግ ቀለበቱን ወደ 2.60 ሜትር የሚያወርደው። የአሜሪካው የቅርጫት ኳስ ፌዴሬሽንና ኤንቢኤ በጋራ ያወጡት መመሪያ ደግሞ በዕድሜ ይከፍለዋል፦

ከ7 እስከ 8 ዓመት፦ 2.44 ሜትር
ከ9 እስከ 11 ዓመት፦ 2.74 ሜትር
ከ12 ዓመት ጀምሮ፦ 3.05 ሜትር

«የእኛ ትምህርት ቤት ቀለበት በሲሚንቶ የተተከለ ነው፣ አይወርድም» ትሉ ይሆናል። ልክ ናችሁ። አብዛኛው የመንግሥት ትምህርት ቤት ሜዳ እንደዛ ነው። ግን መላ አለው፦

ቂጡ የተቆረጠ የፕላስቲክ ባልዲ ወይም ከወፍራም ሽቦ የተሠራ ቀለበት አጥር ላይ በ2 ሜትር ተኩል አካባቢ እሰሩ። የሽቦው ጫፍ እጅ እንዳይወጋ በጨርቅ ወይም በፕላስተር ይሸፈን።

ግድግዳ ላይ በጠመኔ አራት ማዕዘን ሳሉ። የመታው አገባ ይባላል።

ትልቁን ቀለበት ብቻ የምትጠቀሙ ከሆነ ነጥቡን ቀይሩት። ሰሌዳውን ወይም ብረቱን የነካ 1 ነጥብ፣ ያስገባ 2 ነጥብ። ልጁ ከ20 ሙከራ 20 ጊዜ «ሳትኩ» ብሎ ወደ ቤቱ አይሄድም።

2. ኳሱ

ኳስ ላይ የተጻፈው ቁጥር ለጌጥ አይደለም። ስትገዙም ስትዋሱም እዩት፦

ቁጥር 7፦ ዙሪያው 75 ሳንቲ ሜትር ገደማ፣ ክብደቱ ወደ 600 ግራም። ለአዋቂ ወንዶች።
ቁጥር 6፦ ዙሪያው 72 ሳንቲ ሜትር ገደማ፣ ክብደቱ ከ500 ግራም ትንሽ ከፍ ይላል። ለሴቶች፣ እንዲሁም ከፍ ላሉ ልጆች።
ቁጥር 5፦ ዙሪያው 70 ሳንቲ ሜትር ገደማ፣ ክብደቱ ከ500 ግራም በታች። የፊባ የሕፃናት ኳስ ይሄ ነው።
ቁጥር 3፦ ዙሪያው 56 ሳንቲ ሜትር ገደማ፣ በጣም ቀላል። ለ5 እና 6 ዓመት ልጆች ይሆናል።

20 ኪሎ የሚመዝን ልጅ ቁጥር 7 ሲይዝ የክብደቱን 3 በመቶ ተሸክሟል። 80 ኪሎ ለሚመዝን ሰው ይሄ 2.4 ኪሎ ኳስ ማለት ነው። በ2.4 ኪሎ ኳስ እስቲ ሦስት ነጥብ ሞክሩ።

ልጁ ኳሱ ሲከብደው ምን ያደርጋል? ከወገቡ በታች ያወርደውና በሁለት እጁ፣ በሙሉ ሰውነቱ ያስፈነጥረዋል። አንዳንዴ ይገባል፤ እኛም እናጨበጭባለን። በዚህ መሀል ግን የተሳሳተ ልማድ ሥር እየሰደደ ነው። ስቴፈን ከሪን እንኳ እዩት። ልጅ ሆኖ ትንሽና ቀጭን ስለነበር ኳሱን ከወገቡ አካባቢ ነበር የሚወረውረው። ሁለተኛ ደረጃ ሲማር፣ የቀድሞ የኤንቢኤ ተጫዋች የነበረው አባቱ ዴል ከሪ አንድ ሙሉ የትምህርት ቤት እረፍት ወስዶ አወራወሩን ከዜሮ አስተካከለው። በዛ ወቅት ከሩቅ መወርወር አቅቶት እንደነበር ራሱ ተናግሯል። ለዛሬው የሦስት ነጥብ ንጉሥ አስተካካይ አባት ቤቱ ውስጥ ነበረለት። የእኛ ሰፈር ልጅ ግን የለውም። ለእሱ የሚሻለው ከመጀመሪያው በቀላል ኳስና በቅርብ ቀለበት መጀመር ነው።

ትንሽ ቅርጫት ኳስ ካላገኛችሁ የመረብ ኳስ ወይም ቀለል ያለ የሚነጥር የላስቲክ ኳስ ይሠራል። ሕፃናት ላይ ዋናው ብራንዱ ሳይሆን ኳሱ ነጥሮ መመለሱና እጅ አለማሳመሙ ነው።

3. ሰልፉን አፍርሱ

የእኔ ትልቁ ጥፋት ይሄ ነበር። 20 ልጅ፣ አንድ ኳስ፣ አንድ ረጅም ሰልፍ። አንድ ልጅ ተራው ሲደርስ 15 ሰከንድ ቢወስድ፣ ሌላ ተራ የሚደርሰው ከ5 ደቂቃ በኋላ ነው። በአንድ ሰዓት ውስጥ 12 ጊዜ ኳስ ነካ ማለት ነው። በአጠቃላይ 3 ደቂቃ ተጫወተ፣ 57 ደቂቃ ቆመ። ከዛ «ልጆቹ ይረብሻሉ» እንላለን። ቆሞ የሚውል ልጅ ባይረብሽ ነበር የሚገርመው።

አራት ኳስ ካላችሁ አራት ቡድን። ሁለት ኳስ ብቻ ካለ ግማሾቹ በኳስ ሲሠሩ ግማሾቹ ያለ ኳስ የእግር ሥራ ይሥሩ፣ በየ5 ደቂቃው ይቀያየሩ። አንድ ኳስ ብቻ ካለ ደግሞ ክብ ሠርታችሁ የማቀበል ጨዋታ ተጫወቱ እንጂ ሰልፍ አትሥሩ። ልጆቹ ቤታቸው ያለውን ማንኛውንም የሚነጥር ኳስ ይዘው እንዲመጡ መንገርም ይቻላል።

4. ክህሎቶቹ በቅደም ተከተል

ሀ. መጀመሪያ እግር

ቅርጫት ኳስ በእጅ ይጫወቱታል እንጂ የሚበላሸው በእግር ነው። ደግነቱ የእኛ የሰፈር ጨዋታዎች ለዚህ የተሠሩ ይመስላሉ። ሰኞ ማክሰኞ የሚጫወት ልጅ በአንድ እግር ዘሎ በሁለት እግር ማረፍን ያውቃል። አባሮሽ የሚጫወት ልጅ በድንገት መዞርና መቆምን ያውቃል። ገመድ ዝላይም እንደዛው።

ከዛ ሁለት ነገር ጨምሩበት። አንደኛው በሁለት እግር እኩል አርፎ መቆም ነው፤ ጉልበት ሸብረክ፣ እግር በትከሻ ስፋት፣ ቀና ብሎ። «ቀይ መብራት፣ አረንጓዴ መብራት» እያላችሁ አጫውቷቸው፤ ቀይ ሲባል የወደቀ ወይም የተንገዳገደ ወደ መነሻው ይመለሳል። ሁለተኛው ፒቮት ነው፦ አንዱ እግር መሬት ላይ እንደተተከለ በሌላኛው መዞር። «አንዱ እግራችሁ ማስቲካ ረግጦ ተጣብቋል» በሏቸው፣ ወዲያው ይገባቸዋል።

ለ. ማንጠር

በመዳፍ መምታት የለም፤ በጣቶች ውስጠኛ ጫፍ መግፋት ነው። ኳሱ ከወገብ በላይ አይነሳ። ከፊት ለፊት ሳይሆን ትንሽ ወደ ጎን ይነጥር፣ አለበለዚያ እግርን ይመታል። መጀመሪያ ቆሞ፣ ከዛ እየተራመደ፣ ከዛ እየሮጠ። በቀኝ የተሠራ ሁሉ በግራም ይሠራ።

ልጅ ሲያነጥር ኳሱን ነው የሚያየው። «ቀና በል!» ብሎ መጮህ ለአንድ ሰከንድ ብቻ ይሠራል። ይልቅ ፊት ለፊታቸው ቆማችሁ ጣቶቻችሁን አንሱ፤ ስንት እንደሆነ ጮክ ብለው ይጥሩ። ቁጥሩን ለማየት የግድ ቀና ይላሉ። ኳስ በቂ ከሆነ ደግሞ አባሮሽን እያነጠሩ ይጫወቱ።

ሐ. ማቀበልና መቀበል

ልጅ ኳስ የሚፈራው አንዴ ፊቱን ስለመታው ነው። ስለዚህ በ2 ሜትር ርቀት፣ በቀላል ኳስ ጀምሩ። ተቀባዩ እጁን ዘርግቶ፣ ጣቶቹን ወደ ላይ ከፍቶ «እዚህ» ይበል። አቀባዩ ጓደኛው ካላየው አያቀብል። ይቺ አንዲት ሕግ ብዙ የተጣመመ ጣትና የተመታ አፍንጫ ታድናለች።

ሁለት ዓይነት ፓስ ይበቃቸዋል። የደረት ፓስ፦ ከደረት ተነስቶ ወደ ደረት። የመሬት ፓስ፦ ከአቀባዩ ወደ ተቀባዩ ካለው ርቀት ሁለት ሦስተኛው ላይ መሬት ነክቶ ወደ ተቀባዩ ወገብ የሚነሳ። ለሚፈሩ ልጆች በመሬት ፓስ መጀመር ይሻላል፤ ኳሱ ፍጥነቱን ቀንሶ ነው የሚደርሳቸው።

መ. ሌይአፕ

ይሄን ከኋላ ወደ ፊት አስተምሩ። በቀኝ በኩል ከሆነ መጀመሪያ ከቀለበቱ ሥር አንድ እርምጃ ርቆ ይቁም፤ በግራ እግሩ ተነስቶ፣ የቀኝ ጉልበቱን ወደ ላይ አንስቶ፣ በቀኝ እጁ ሰሌዳው ላይ ያለውን ካሬ ይምታ። ያ ሲሳካ ሁለት እርምጃ፦ ቀኝ፣ ግራ፣ ወደ ላይ። ያ ሲሳካ አንድ ጊዜ አንጥሮ። ከሩጫ የሚጀመረው መጨረሻ ላይ ነው። ብዙዎቻችን ግን ከመሀል ሜዳ እያስሮጥን እንጀምርና እግሩ ሲተሳሰርበት «ትራቭል!» እንላለን።

ሠ. ሹት

ከ1 ወይም 2 ሜትር አይራቅ። እግር በትከሻ ስፋት፣ ጉልበት ሸብረክ፣ ክርን ከኳሱ ሥር፣ ሌላው እጅ ከጎን ደገፍ ብቻ። ኳሱ ከተለቀቀ በኋላ እጅ ወደ ላይ ተዘርግቶ የእጅ አንጓ ወደ ታች ይጣላል፤ ረጅም እንስራ ውስጥ እጅ እንደሚከት ሰው። ልጁ ኳሱን ለማድረስ ቅርጹን ካበላሸ መልሱ «ጠንከር በል» ሳይሆን «አንድ እርምጃ ቅረብ» ነው።

ሁሉም ሦስት ነጥብ መሞከር ይፈልጋል፤ ጠዋት ጠዋት ስልኩ ላይ የሚያየው ሃይላይት እሱን ነው። የፊባ የሦስት ነጥብ መስመር ከቀለበቱ 6.75 ሜትር ይርቃል። አትከልክሏቸው፣ ይኮርፋሉ። ልምምዱ ሲያልቅ «አንድ አንድ የከሪ ሙከራ» ስጧቸውና ይሳቁበት። በጨዋታ ውስጥ ግን ከየትም ቢገባ 2 ነጥብ ብቻ ይሁን። የሕፃናት ሕጎችም የሚሉት ይሄንኑ ነው፤ ልጁ ከሩቅ የሚወረውርበት ምክንያት አይኖረውም።

ረ. መከላከል

ለእያንዳንዱ ልጅ አንድ ሰው ስጡትና «ጥላው ሁን» በሉት። ሁሉም ቀለበት ሥር ተሰብስቦ የሚቆምበትን የዞን መከላከል ለትልልቆች ተዉት። ሕፃናት ዞን ሲጫወቱ ያሸንፉ ይሆናል፣ መከላከል ግን አይማሩም።

5. ከየዕድሜው ምን ይጠበቃል?

ከ5 እስከ 7፦ ጨዋታ ብቻ። ቆሞ ማንጠር፣ ኳስ ማንከባለልና መያዝ፣ ሮጦ መቆም። ሕግ አያስፈልግም። በሁለት እጅ ቢያነጥርም ዝም በሉት።

ከ8 እስከ 9፦ በሁለቱም እጅ እየተራመደ ማንጠር፣ ሁለቱ ፓሶች፣ ፒቮት፣ የቅርብ ሹት። ሁለት ለሁለት ወይም ሦስት ለሦስት ጨዋታ። ትራቭል ሲሠራ አስቁማችሁ አሳዩት እንጂ ኳስ አትንጠቁት።

ከ10 እስከ 12፦ ሌይአፕ በሁለቱም በኩል፣ እየሮጡ ማቀበል፣ አንድ ለአንድ መከላከል። ደብል ድሪብልና ትራቭል አሁን በትክክል ይነፋሉ።

በየትኛውም ዕድሜ አምስት ለአምስት አትቸኩሉ። ሦስት ለሦስት ከቶኪዮ ጀምሮ የኦሊምፒክ ጨዋታ ነው፣ የሚያሳፍር አይደለም። ልጁም ብዙ ጊዜ ኳስ ይነካል።

6. የአንድ ሰዓት ፕሮግራም

10 ደቂቃ፦ አባሮሽ ወይም ቀይ መብራት
10 ደቂቃ፦ ማንጠር
5 ደቂቃ፦ ፒቮትና አቋቋም
5 ደቂቃ፦ ውሃና እረፍት
10 ደቂቃ፦ አንድ ሳምንት ማቀበል፣ በሚቀጥለው ሹት
15 ደቂቃ፦ ሦስት ለሦስት ጨዋታ
5 ደቂቃ፦ ክብ ሠርቶ መሰናበት

ጨዋታውን እንደ ሽልማት አትያዙት። «ከረበሻችሁ ጌም የለም» ማለት የመጡበትን ነገር መንጠቅ ነው። ለ7 እና 8 ዓመት ልጆች ደግሞ ከአንድ ሰዓት አትለፉ፤ 30 ደቂቃም ይበቃል።

7. አፋችን

ልጅ በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ነው የሚሰማው። «ክርንህን አስገባ፣ ጉልበትህን እጠፍ፣ ቀና በል፣ አትቸኩል» ብሎ አራት ነገር መደርደር ምንም እንዳልተናገሩ ነው። ዛሬ ክርን ከሆነ፣ ዛሬ ክርን ብቻ።

ስማቸውን ያዙ። «አንተ ባለ ቀይ ቲሸርት» የተባለ ልጅ እንደ እንግዳ ነው የሚሰማው። ስታናግሩት በርከክ ብላችሁ ዓይኑን እዩ። «ጎበዝ» ብቻ አትበሉ፤ ምኑ ላይ እንደጎበዘ ንገሩት፦ «ከማቀበልሽ በፊት ቀና ብለሽ አየሽው፣ ጎበዝ!» ከዛ በኋላ እየደጋገመች ታየዋለች።

«ፈዛዛ»፣ «እንደ ሴት አትወርውር»፣ «አንተማ አይሆንልህም» የሚሉትን ከሜዳው አስወጡ። ፑሽ አፕንና ሩጫንም የቅጣት መሣሪያ አታድርጉ። ሩጫን ቅጣት ያደረግንበት ልጅ መሮጥን እንዴት ይወዳል?

8. ሴት ልጆች ለምን ይጠፋሉ?

የእኔም ሜዳ ላይ ቀድመው የቀሩት ሴቶቹ ነበሩ። አንዱ ምክንያት ቀላል ነው፦ ወንዶቹ አያቀብሏቸውም። ሕግ አውጡ፤ ሁሉም የቡድኑ ልጅ ኳስ ሳይነካ መወርወር አይቻልም። ሌላው ሰዓቱ ነው። አመሻሽ 12 ሰዓት ላይ የሚያልቅ ልምምድ ለብዙ ወላጅ «ልጄ በጨለማ ትመጣለች» ማለት ነው። ቅዳሜ ጠዋት 3 ሰዓት ላይ አድርጉት፣ የሚመጡትን ትቆጥራላችሁ። ታናሽ ወንድሟን ይዛ የምትመጣ ልጅ ካለችም አትመልሷት፤ ትንሹን ጥግ ላይ ኳስ ስጡት።

አለባበስም ሰበብ መሆን የለበትም። ፊባ ሒጃብን ጨምሮ የራስ መሸፈኛ በጨዋታ ላይ እንዲፈቀድ ያደረገው በ2017 ነው። ዓለም አቀፍ ውድድር ላይ የተፈቀደን ነገር የሰፈር አሰልጣኝ የሚከለክልበት ምክንያት የለም። የሚያስፈልገው እንዳይፈታ አጥብቆ ማሰር፣ መርፌ ቁልፍ አለመጠቀም ብቻ ነው።

9. ደህንነት

ሜዳውን ቀድማችሁ ዙሩት። ጠርሙስ፣ ጠጠር፣ የተሰነጠቀ ሲሚንቶ፣ ውሃ የቋጠረ ቦታ። ክረምት ላይ እርጥብ ሲሚንቶ እንደ ሳሙና ነው፤ ካልደረቀ ኳስ ማቀበል ብቻ ሥሩ ወይም ሰርዙት። የቀለበቱን ምሰሶ ገፋ ገፋ አድርጋችሁ ፈትሹ። የሚወዛወዝ ከሆነ ልጅ አታስጠጉ። ቀለበት ላይ መንጠልጠል ፈጽሞ አይቻልም።

ጣት የዚህ ስፖርት የተለመደ ጉዳት ነው። ጣቱ የተመታ ልጅ ካለ አትጎትቱት፣ አትሹት። ቀዝቃዛ ውሃ ወይም በጨርቅ የተጠቀለለ በረዶ ያዙለት። ካበጠ፣ ከተጣመመ ወይም ማጠፍ ካልቻለ ወደ ጤና ጣቢያ ይሂድ። ብዙ ቤተሰብ መጀመሪያ ወደ ወጌሻ እንደሚሮጥ አውቃለሁ። ግን የልጅ አጥንት ገና እያደገ ያለ ነው፤ ስብራት ሳይታወቅ ከታሸ ይበላሻል፤ ከልክ በላይ ተጠፍሮ የታሰረ እጅ ደግሞ ደም አጥቶ እስከ መቆረጥ ሊደርስ ይችላል። ራጅ ይቅደም።

ከሰውነት ጉዳት ውጪ ያለውም ጥንቃቄ እኩል ያስፈልጋል። ልጆችን ብቻችሁን አታሠሩ፣ ሌላ አዋቂ ይኑር። ልምምዱ ሰው በሚያይበት ግልጽ ቦታ ይሁን። የእያንዳንዱ ልጅ ወላጅ ስልክ ይኑራችሁ። ቪዲዮ ቀርጻችሁ ቲክቶክ ላይ ከመልቀቃችሁ በፊት ወላጁን አስፈቅዱ። ልጁ ስትስቁበት የቀረጻችሁት ውድቀቱ ዓመታት ሊከተለው ይችላል።

10. «ቶሎ ካልጀመረ አይሆንም» ውሸት ነው

አንዳንድ ወላጅ የ6 ዓመት ልጁን አምጥቶ «በሳምንት አምስት ቀን አሠሩልኝ» ይላል። ሐኪም ኦላጁዎን ሌጎስ ተወልዶ ቅርጫት ኳስ የጀመረው በ15 ዓመቱ አካባቢ ነው። ከዛ በፊት የእጅ ኳስና የእግር ኳስ በረኛ ነበር። ከሂዩስተን ጋር በ1994 እና በ1995 ሻምፒዮን ሆኗል። ካሜሩናዊው ጆኤል ኤምቢድም የጀመረው በ15 ዓመቱ ነው፣ መረብ ኳስ ነበር የሚጫወተው። እላይ የጠቀስኩት የአሜሪካ መመሪያም ልጆች እስከ 14 ዓመት ድረስ አንድ ስፖርት ላይ ብቻ እንዳይታጠሩ ይመክራል።

ስለዚህ ልጁ ረቡዕ እግር ኳስ ልጫወት ቢላችሁ አትቆጡ። በ8 ዓመቱ ያልገባው ሌይአፕ በ11 ዓመቱ ይገባዋል። በ8 ዓመቱ የጠላው ስፖርት ግን ሊመለስለት ይከብዳል። የልምምዳችሁ ውጤት የሚለካው በገባው ኳስ ብዛት አይደለም። በሚቀጥለው ቅዳሜ ስንቶቹ ተመልሰው መጡ? እሱን ቁጠሩ።

እኔ አሁን እየቆጠርኩ ነው። አጥር ላይ ባልዲ ሰቅያለሁ፣ ሁለት ቁጥር 5 ኳስ በመዋጮ ገዝተናል፣ ሰልፍ የለም። ባለፈው ቅዳሜ 14 ልጆች መጡ። «ኳሱ ይከብደኛል» ያለችኝ ልጅ ግን እስካሁን አልተመለሰችም። መንገድ ላይ ሳገኛት ትልቁን ኳስ እንደተውነው ነግሬያታለሁ። «እሺ» ብላኛለች።

ሰፈራችሁ ውስጥ ልጆች የሚያሠራ ጓደኛ ካላችሁ ሼር አድርጉለት።